ምላስ ሥር የበቀለው አጥንት ይነሳ ወይስ ይቅር?

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 58 ዓመቴ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከታችኛው መንጋጋዬ በውስጥ በኩል፣ ምላሴ ሥር፣ በግራም በቀኝም ጠንካራ እብጠት አለኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያኔ ትንሽ ነበር፤ አሁን በየጎኑ ሁለት ሁለት ባቄላ ያክላል። አያመኝም። ቆሎ ወይም የደረቀ ዳቦ ሲያገኘው ግን ይላጥና ለጥቂት ቀን ያቃጥለኛል።

ከታች የኋላ መንጋጋ ጥርሶቼ በሁለቱም በኩል ተነቅለው አልቀዋል። ማኘክ ስለከበደኝ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላሠራ ሄድኩ። ሐኪሙ አፌን እንዳየ ‹ይሄ አጥንት ሳይነሳ ጥርስ አይሠራም› ብሎ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጠኝ። ሌላ ክሊኒክ ብጠይቅ ደግሞ ‹ምንም አይልም፣ ይተዉት› ተባልኩ። እህቴ በበኩሏ ‹ካንሰር ቢሆንስ? ብረት ከነካው ይሰራጫል› እያለች እንቅልፍ ነስታኛለች። ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም። ልጄ ጋ አሜሪካ በሄድኩ ጊዜ የእጄ አንጓ ተሰብሮ ሐኪም ያዘዘልኝን የአጥንት ኪኒን ብቻ በሳምንት አንዴ እወስዳለሁ፤ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ልጄ ናት የምትልክልኝ። ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ውድ መምህርት፣

መልሱን ላስቀድም። ቀጠሮዎ ላይ ይሂዱ፤ ግን ለመመካከር እንጂ ለቀዶ ጥገና አይሁን። እንደ ገለጻዎ ከሆነ እብጠቱ የሚያስቸኩል አይደለም። ይህን ያህል ዓመት አብሮዎት የኖረ ነገር ሌላ ሁለት ሦስት ወር ቢቆይ አይጎዳዎትም። ከሱ በፊት መጣራት ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ። እሱም በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «ብቻ» ብለው ያለፉት የአጥንት ኪኒን ነው። በሰፊው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እንቅልፍ የነሳዎትን ነገር ላንሳ፤ አለዚያ ቀሪውን በእርጋታ አያነቡልኝም።

የነገሩኝ ሁሉ ቶረስ ከምንለው ነገር ጋር ይገጥማል። ቶረስ ከራሱ ከመንጋጋው አጥንት ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ ትርፍ አጥንት ነው። የታወቁ ሁለት ቦታዎች አሉት። አንደኛው ላንቃ ላይ ነው፣ ልክ መሃሉ ላይ። ሁለተኛው እንደ እርስዎ ከታችኛው መንጋጋ በውስጥ በኩል፣ ከምላስ ጎን ነው። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ በግራም በቀኝም ነው የሚወጣው። ብዙ ጊዜ በጉርምስና ይጀምርና ለዓመታት በጣም በዝግታ ያድጋል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ባለበት ይቆማል። በቤተሰብ የመውረድ ባሕርይ አለው። ተኝተው ጥርሳቸውን የሚያፋጩ ሰዎች ላይም በርከት ብሎ ይታያል። ካንሰር አይደለም። ወደ ካንሰርም አይለወጥም።

ቶረስ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው እንዳለው ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። አንድ ቀን ግን ጥርሱን ሲቦርሽ ወይም ምላሱ ሲደርስበት ያገኘዋል። ከዚያ ማታውን ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ያድራል። ድንጋጤው ይገባኛል። አፍ ውስጥ ያለ ትንሽ ነገር ለምላስ ተራራ ነው።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። አገራችን ውስጥ ካንሰር ያለበት ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ሲደርስ በሽታው ቀድሞ ሌላ ቦታ ሄዷል። ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ ከወራት በኋላ ይብስበታል። ቤተሰብ የሚያስታውሰው ምላጩን ነው፤ ጥፋቱም በምላጩ ይላከካል። እውነቱ ሌላ ነው። ብዙ ዓይነት ካንሰር የሚድነው በጊዜ ተቆርጦ ሲወጣ ነው። ሰው ይህን አባባል ፈርቶ ቤቱ ሲቀመጥ ነው በሽታው የሚሰራጨው። ቶረስ ላይ ደግሞ የሚሰራጭ ነገር ጭራሽ የለም፤ አጥንት ነው። ይህን ለእህትዎ ያንብቡላቸው። ለእርስዎ ተጨንቀው እንጂ ሊያስፈራሩዎት ፈልገው እንዳልሆነ አልጠራጠርም።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ የስልክዎን መብራት ያብሩ፣ መስታወት ፊት ቆመው ምላስዎን ወደ ላንቃ ያንሱ። በጠቋሚ ጣትዎ ግራና ቀኙን ቀስ ብለው ይዳስሱ። ቶረስ ከሆነ ድርቅ ያለ ነው። ወዲያ ወዲህ አይልም። ሲጫኑት አይሰረጉድም፣ አያምምም። በላዩ ያለው ሥጋ ስስ ስለሆነ ከአካባቢው ይልቅ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ሊያዩበት ይችላሉ። ግራና ቀኙ ቁርጥ አንድ ዓይነት ባይሆንም ይመሳሰላል።

ከዚህ የተለየ ነገር ካገኙ ግን ሦስት ሳምንት አይጠብቁ። በአንድ በኩል ብቻ ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ ያደገ እብጠት፣ ለስለስ የሚል ወይም የሚደማ እብጠት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ የከንፈር ወይም የአገጭ መደንዘዝ፣ ያለምክንያት የተነቃነቀ ጥርስ፤ ከነዚህ አንዱ ካለ በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። ናሙና ተወስዶ መመርመርም ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን የምጽፈው እርስዎ ላይ ስለጠረጠርኩ አይደለም። ይህን ገጽ ሌላ ሰውም ያነበዋል፤ «ቶረስ ነው፣ አይጎዳም» ብሎ ሌላ ነገር ይዞ እንዳይቀመጥ ነው።

ወደ ውሳኔው እንምጣ። ሁለቱ ሐኪሞች የተቃረኑ ይመስላል፤ እኔ ግን ሁለቱም ግማሽ ልክ ናቸው እላለሁ። ሁለተኛው ያየው አጥንቱን ብቻ ነው። አጥንቱ ብቻውን ከታየ መነካት የለበትም፤ ቶረስ ስላለ ብቻ አይነሳም። እኔም «አስቀያሚ ነው፣ አንሱልኝ» ብሎ ለሚመጣ ጎረምሳ የምመልሰው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ያየው ደግሞ የሚሠራውን ጥርስ ነው፤ ስለ ጥርሱ ያለው ነገር ውሸት የለበትም።

ለምን እንዳለው ላስረዳዎት። በሁለቱም ጎን የጎደለ የታችኛው ጥርስ በተነቃይ ጥርስ ሲተካ ግራውና ቀኙ መያያዝ አለባቸው። የሚያያይዛቸው ከፊት ጥርሶች በስተጀርባ፣ ምላስ ሥር የሚያልፍ የፕላስቲክ ወይም የብረት ድልድይ ነው። ያ ድልድይ የሚያልፍበት ቦታ በትክክል የእርስዎ ቶረስ የተቀመጠበት ነው። ድልድዩ ጠንካራ ነው፤ አጥንቱም ጠንካራ ነው። በመካከላቸው ያለው ስሱ ሥጋ ብቻ ነው። ባኘኩ ቁጥር ይጨቆናል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል። ቶረሱ ጎላ ብሎ ወደ ውስጥ ካጎነበሰ ደግሞ ጥርሱ ጭራሽ ወርዶ ቦታው ላይ አይቀመጥም። ይህን ያየ ሐኪም «ይነሳ» ቢል አይፈረድበትም።

ቅር ያለኝ መሃል ላይ ያሉትን መንገዶች ሳይነግርዎት በቀጥታ ቀጠሮ መስጠቱ ነው። ቶረሱ መለስተኛ ከሆነ ጥርሱ ሲሠራ በዚያ ቦታ ላይ ክፍተት ሊተውለት ይችላል። ድልድዩን ከውስጥ በኩል ትቶ ከፊት፣ በድዱና በከንፈሩ መካከል የሚያሳልፍ አሠራርም አለ፤ ለመልመድ አስቸጋሪ ነው፣ ለአንዳንድ ሰው ግን ይሆናል። ግራና ቀኙን ለየብቻ ትናንሽ ተነቃይ ጥርስ ላድርግልዎት የሚል ቢመጣ ግን እምቢ ይበሉ። ትንሽ ተነቃይ ጥርስ ሲወልቅ ሊዋጥ፣ ከዚያም ብሶ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። አጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስም አለ። ድልድይ ስለማያስፈልገው ቶረሱን አይነካም፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ እሱም ራሱ የአጥንት ቀዶ ጥገና ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ማንም አልጠቀሰልዎትም መሰለኝ፤ ጥርሱን ጭራሽ አለማሠራት። ይቁጠሩልኝ። የፊት ጥርሶችዎ፣ ክራንቻዎችዎና ከክራንቻ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሁለት ጥርሶች ከላይም ከታችም ካሉ ድምራቸው 20 ይሆናል። እርስ በርሳቸው የሚጋጠሙ 20 ጤነኛ ጥርሶች ያሉት ሰው የኋላ መንጋጋ ሳይኖረው በደንብ መብላት ይችላል። ይህ በጥርስ ሕክምና ውስጥ የታወቀ አካሄድ ነው፤ የድሃ መፍትሔ አይደለም። በተለይ ለታችኛው መንጋጋ የሚሠራ፣ ከበስተኋላ የሚይዘው ጥርስ የሌለ ተነቃይ ጥርስ ብዙ ሰው ይቸገርበታል። አሠርተው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡ ስንት ሰዎች አይቻለሁ! ይህን መንገድ ከመረጡ ግን የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ከታች የሚገጥማቸው በማጣት ቀስ በቀስ ወደ ታች ሊወርዱ ስለሚችሉ ክትትል ያስፈልጋል። እርስዎ «ማኘክ ከብዶኛል» ብለዋል። ከባድ የሆነው ምኑ ነው? ሥጋና ቆሎ ነው ወይስ እንጀራም ጭምር? መልሱ ውሳኔውን ይለውጠዋል። እንጀራና ወጥ፣ ገንፎ፣ የበሰለ አትክልት ያለችግር ከሄደልዎት ለቆሎ ብሎ አጥንት ማስነሳት አይታየኝም። የዕለት ምግብዎ ካስቸገረዎትና እየከሱ ከሆነ ግን ጥርሱ ያስፈልግዎታል፤ ያኔ ቶረሱ እውነተኛ እንቅፋት ነው።

ጥርስ የማያሠሩ ሰዎችም ቶረሳቸውን የሚያስነሱበት ጊዜ አለ። በየጊዜው እየቆሰለ አላስበላ ሲል፣ ምግብ ከሥሩ እየገባ ድዱን ሲያበላሽ፣ ግራና ቀኙ ሊነካካ ደርሶ ምላስን ቦታ ሲያሳጣ፣ ንግግርን ሲያጎለድፍ። የእርስዎ ቁስል በጥቂት ቀን የሚድን ከሆነ ከነዚህ ውስጥ አይገባም። ሲላጥ ለብ ባለ ጨው ውሃ ይጉመጥመጡ፣ ትኩስና በርበሬ የበዛበትን ለጥቂት ቀን ይቀንሱ።

አሁን ወደ ኪኒኑ።

በሳምንት አንዴ የሚወሰድ የአጥንት ኪኒን ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ አሌንድሮኔት ነው። ፎሳማክስ በሚል ስምም ይታወቃል፤ የሳምንቱ መጠን አብዛኛውን ጊዜ 70 ሚሊ ግራም ነው። አወሳሰዱ ያስታውቃል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙና ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ነው። እንዲህ ተብሎ ተነግሮዎት ከሆነ እሱ ወይም የሱ ቤተሰብ የሆነው ሪሴድሮኔት ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ 50,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በሳምንት አንዴ እንዲወሰድ በብዛት ይታዘዛል። ያ ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈው አይመለከትዎትም። ስለዚህ ዛሬውኑ ብልቃጡን አንስተው ስሙን ያንብቡ። ካልተነበበልዎት ፎቶ አንስተው ለልጅዎ ይላኩላት።

አሌንድሮኔት ጥሩ መድኃኒት ነው። አጥንታቸው የሳሳ ሰዎችን ከዳሌና ከአከርካሪ ስብራት ይጠብቃል። የሚሠራው አሮጌ አጥንት የሚፈርስበትን ፍጥነት በመቀነስ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። አጥንት ሲቆረጥ የሚድነው አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ እየተተካ ስለሆነ፣ ይህ ሂደት የተገታበት መንጋጋ ከቀዶ ጥገና በኋላ አልድን ሊል ይችላል። ድዱ አይዘጋም፤ አጥንቱ ተገልጦ ይቀራል፤ ክፍሉ ይሞታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ነው ሐኪሞች ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና መጽሔት መዘገብ የጀመሩት። ከስምንት ሳምንት በላይ ተገልጦ የቆየ የመንጋጋ አጥንት፣ መድኃኒቱን በሚወስድና መንጋጋው የጨረር ሕክምና ባልነካው ሰው ላይ ከታየ የምናስበው ይህንን ነው።

እንዳይደነግጡ መጠኑን ልንገርዎት። ለአጥንት መሳሳት ኪኒኑን በአፍ የሚወስዱ ሰዎች ላይ ይህ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ከሺህ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። በብዛት የሚታየው ካንሰር ወደ አጥንት ሄዶባቸው ጠንካራውን መጠን በደም ሥር በሚወስዱት ላይ ነው። ሆኖም ሦስት ነገሮች የእርስዎን አደጋ ትንሽ ከፍ ያደርጉታል። ከአራት ዓመት በላይ ወስደዋል። ሊደረግ የታሰበው ሥራ አጥንት የሚቆርጥ ነው። ሦስተኛው ራሱ ቶረሱ ነው፤ የሚሸፍነው ሥጋ ስስ በመሆኑ ቀዶ ጥገና ሳይደረግበት እንኳ ኪኒኑን በሚወስዱ ሰዎች ላይ አጥንቱ ተገልጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ቀላል አድርጌ ያላለፍኩት።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይያዙልኝ። «እንግዲያው አጥንቱን ትቼ ጥርሱን በላዩ ላይ ላሠራ» የሚለውም ደህና መንገድ አይደለም። ስሱን ሥጋ ቀን ከሌት የሚፈትግ ጥርስም ያንኑ አደጋ ያመጣል። አንዱን ፈርቶ ሌላው ላይ መውደቅ እንዳይሆን።

በራስዎ ፈቃድ ኪኒኑን እንዳያቆሙም አደራ። መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ዛሬ ቢያቆሙት ነገ አይወጣም። ከቀዶ ጥገና በፊት ለጥቂት ወር ማቆም ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ላይ ሐኪሞች ራሳቸው አንድ አልሆኑም። በመሃል ወድቀው ዳሌዎ ቢሰበር ከቶረስ የሚወዳደር ጉዳት አይደለም። ለአጥንት መሳሳት በየስድስት ወሩ መርፌ የሚወስዱ አንባቢዎች ካሉ ለእናንተ ጉዳዩ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ የዴኖሱማብ መርፌ ቀኑ ሲያልፍ የአከርካሪ ስብራት ሊያስከትል ስለሚችል አንድም ቀጠሮ በራሳችሁ እንዳትዘሉ።

ደግሞ አምስት ዓመት መሆኑ ራሱ ጥሩ አጋጣሚ ነው። አሌንድሮኔትን አምስት ዓመት የወሰደ ሰው መቀጠል አለበት ወይስ ማረፍ ይችላል የሚለው እንደገና የሚታይበት ጊዜ ነው። ኪኒኑ በፖስታ ይመጣል፣ እርስዎ ይውጣሉ፤ በመሃል አጥንትዎን ለክቶ ያየ ሐኪም አለ? ከደብዳቤዎ እንደገባኝ የለም። ልጅዎ በፍቅር እንደምትልክ አውቃለሁ። መድኃኒት ግን ክትትል ይፈልጋል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ያግኙ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የተጀመረበትን ዓመትና የእጅዎን ስብራት ይንገሯቸው። የአጥንት ጥግግት ምርመራ አስፈላጊ መሆኑን ይጠይቁ። «አቁሚ» ወይም «ቀጥዪ» የሚለው ከሳቸው ይምጣ። የጥርሱም ውሳኔ ከዚያ ይከተላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተጣርቶ «ይነሳ» ከተባለ ምን እንደሚደረግ ይወቁ፤ የሚያስፈራው ያልታወቀው ነው። ሥራው የመንጋጋና የፊት ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፤ ማክሲሎፋሻል የሚባሉት። በእርስዎ ሁኔታ ላይ ተራ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንዲሠራ አልመክርም። አስቀድሞ ራጅ ይነሳሉ። ጥርስዎና ድድዎም ይጸዳል፤ ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ቁስሉ እንዳይመረዝ በጣም ይረዳል።

አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሰመመን አያስፈልግም፤ ጥርስ ሲነቀል የሚሰጠው የማደንዘዣ መርፌ ይበቃል። ሐኪሙ ድዱን ከጥርሱ ጠርዝ ይከፍተውና ከአጥንቱ ላይ ገለጥ ያደርገዋል። ቶረሱ ይታያል፤ ነጭ፣ ልሙጥ አጥንት ነው። በመሰርሰሪያ ከላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ይወጣለታል፣ ሙቀቱ አጥንቱን እንዳይጎዳ ውሃ እየፈሰሰበት። ከዚያ ትንሽ መሮ መስመሩ ላይ ይደረግና በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ይደረጋል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ሕመም የለም፤ ድምፁና ንዝረቱ ግን ጭንቅላት ውስጥ ይሰማል። አስቀድመው ካወቁት አያስፈራም። ረዳቱ አገጭዎን ደግፎ ይይዛል። አጥንቱ ተፈልጦ ይወጣል፣ ሹል የቀረው በሞረድ ይስተካከላል፣ ይታጠባል፣ ድዱ ተመልሶ ይሰፋል።

እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ከዚያ ይቀንሳል። እነዚያን ቀናት አጥሚት፣ ለብ ያለ ሾርባ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት ይበሉ። ክሩ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። አዲሱን ጥርስ ለመለካት ግን ድዱ በደንብ እስኪጠና ከአንድ ወር በላይ መጠበቅ ይሻላል፤ እርስዎ ላይ ሐኪሙ ከዚያም ቢያስረዝም አይከፋዎት።

ሊደርስ የሚችለውንም ልንገርዎት። መድማት፣ መመረዝ፣ የስፌቱ መከፈት አለ። ምላስን የሚያሰማው ነርቭ በአካባቢው ስለሚያልፍ የምላስ ጎን ሊደነዝዝ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ግን ይቆያል። ከሁሉ የሚፈራው በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ደም ምላስ ሥር ተጠራቅሞ ምላስን ወደ ላይ ሲገፋ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምላስዎ ከፍ ከፍ ካለብዎት፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት እስኪነጋ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሌላው ሁሉ ለቀጠሮ ይቆያል፤ ይሄ አይቆይም። ተመልሶ ይበቅላል ወይ የሚለውን ሁሉም ይጠይቀኛል። ይችላል፤ ግን በዝግታ ነው፣ ብዙ ሰውም ላይ አይመለስም።

ወደ ክሊኒኩ ዛሬ ይደውሉና ኪኒኑን ይንገሯቸው። «በሳምንት አንዴ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት እወስዳለሁ፣ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ቀጠሮዬ የምክክር ይሁንልኝ» ማለት ይበቃል። ይህን ሰምቶ «ችግር የለውም፣ ይምጡ እንቁረጠው» የሚል ከሆነ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ። ቆም ብሎ የሚጠይቅዎት ከሆነ ጥሩ እጅ ላይ ነዎት። ሲሄዱ ብልቃጡን በቦርሳዎ ይያዙ። ከተቻለ እህትዎም ይከተሉዎት፤ ሁለት ጆሮ ከአንድ ይሻላል። ሐኪሙን ይጠይቁ፤ አጥንቱ ሳይነሳ ሊሠራልኝ የሚችል ጥርስ አለ? ባላሠራስ ምን ይቀርብኛል? እርስዎ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ይህን ኪኒን በሚወስድ ሰው ላይ ሠርተው ያውቃሉ? አልድን ቢል ማን ነው የሚከታተለኝ? ዋጋውንም ሲጠይቁ ለቀዶ ጥገናው ብቻ አይጠይቁ። ራጁን፣ መድኃኒቱን፣ ክር ማውጣቱን፣ ድጋሚ መምጣቱንና ጥርሱን ራሱን ጨምረው ሙሉውን ሒሳብ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ አጥንቱን አስነስተው ለጥርሱ ገንዘብ ያጠራቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።